ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱና ማክ በየጁቤ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ

ከዊንዶውስ፣ ከኡቡንቱና ከማክ ለዕለት ሥራ የሚመቸው የትኛው ነው የሚለው ክርክር በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ ይነሣል። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ መስፈርቱን የሚወስዱት ከውጭ አገር ሰው ጠረጴዛ ነው፤ የሚነጋገሩትም ስለ ጨዋታና ስለ ገጹ ውበት ነው። እኛ ግን መስፈርቱን በባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በየጁቤ አቤቱታና ውል እየጻፈ ከሚኖር ሰው ዘንድ ብንወስደው ፍርዱ ሌላ መልክ የሚይዝ ይመስለናል። የዚህ ሰው ሥራ በአማርኛ መጻፍ፣ ማተም፣ ደንበኛው በፍላሽ ዲስክ ያመጣለትንም መክፈት ነው። (ሥርዐተ ክወና የሚለው ስያሜ ከትምህርት ቤት አልፎ ገበያ የወጣ አይመስለንም፤ ጸሐፊው የሚያውቀው «ፎርማት አድርግልኝ» ማለትን ነው።)

ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ከቪስታ ጋራ ለሕዝብ ያቀረበው ግን በ2007 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ለብቻ በሚጫኑ ፕሮግራሞች ለመዱ። ማክም በ2009 ኬፋ የሚባለውን ፎንት ጨመረ። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ የላቲን ቁልፎችን በድምፃቸው እየመቱ ፊደላችንን መጻፍ ይቻላል። ዛሬ ሦስቱም አማርኛን በደንብ ያሳያሉ፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አይቻልም።

ችግሩ ያለው በቀደመው ጽሑፍ ላይ ነው። የጥንቶቹ ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል በላቲን ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለ ነበር፣ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር የተከፈተ የመሬት ኪራይ ውል ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ሆኖ ይታያል። ጸሐፊው ኡቡንቱን በጫነበት ቀን ይህን ቢያይ ወቀሳው በኡቡንቱ ላይ ይወድቃል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ፎንቱ ያልተጫነበት አዲስ ዊንዶውስም ያንኑ ቅልቅል ያሳያልና። ዊንዶውስን ቀላል ያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ያ አሮጌ ፎንት ቀድሞ ተጭኖ መገኘቱ ነው።

በፍላሽ ዲስኩ በኩል ኡቡንቱ ይበልጣል። ለዊንዶውስ ተብሎ የተጻፈ ቫይረስ እዚያ አይሠራም፤ የደንበኛው ፋይል ተሰውሮ በቦታው ሾርትከት ብቻ ሲቀር ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል። በማተሚያው በኩል ግን ዊንዶውስ ይመራል፤ ከማተሚያው ጋራ የሚመጣው ዲስክ ብዙውን ጊዜ የተዘጋጀው ለእሱ ነው።

ስለ ማክ የምናነሣው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ከሚመረጡት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል አስገብቶታል። ዊንዶውስ ይህን አላደረገም፤ ጸሐፊው በአቤቱታው ራስጌ ላይ ቀኑን ራሱ አስልቶ ይጽፋል። የማክ ዋጋ ግን ከዚህ ሰው አቅም በላይ ስለ ሆነ ከዚህ አልፈን አንሄድም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ላለው ጸሐፊ እኛ የምንመርጠው ኡቡንቱን ነው። ሆኖም አስቀድሞ የቆዩት ውሎች ወደ ዩኒኮድ ይዛወሩ፤ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። የተዛወረውም ከታተመው ወረቀት ጋራ ስም በስም፣ ቁጥር በቁጥር ይመሳከር፤ ማተሚያውም በአንድ ገጽ ይፈተን። ይህ ሳይደረግለት ኡቡንቱ ተጭኖለት በሳምንቱ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰውን ጸሐፊ እኛ አንወቅሰውም።