ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጦች ትርጉምና አጠቃቀም

የውጭ አገር ቋንቋ የሚማር ሰው ሰዋስውን ከመምህሩ፣ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት ያገኛል፤ ፈሊጥ ግን ከሁለቱም ያመልጠዋል። እያንዳንዱ ቃል የታወቀ ሲሆን፣ ቃላቱ በአንድነት ሲነገሩ የሚሰጡት ትርጉም ሌላ ነውና። አንድ እንግሊዛዊ «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» የሚለውን አነጋገራችንን ቃል በቃል ቢተረጉመው፣ ስለ ዓይን ሕክምና የተነገረ ይመስለዋል እንጂ ስለ ኀፍረተ ቢስ ሰው መሆኑን አይጠረጥርም። እኛም በእርሱ ፈሊጥ ፊት እንደዚሁ ነን።

ይህን ችግር ለማቃለል ተብለው የተዘጋጁ ዝርዝሮች በየትምህርት ቤቱ አይጠፉም። በግራ በኩል ፈሊጡ፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙ ይጻፋል፤ ተማሪውም ይሸመድደዋል። የዚህን ዘዴ ጥቅም አልክድም። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ፈሊጡ ምን ማለት እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ፣ ማን ለማን፣ በምን ጊዜ እንደሚናገረው አይነግረንም። ስሕተቱም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል «ባልዲውን በእግሩ መታ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንመልከት። በዝርዝሩ ውስጥ በአንጻሩ «ሞተ» ተብሎ ይገኛል፤ ትርጉሙም ትክክል ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ይህንኑ አምኖ፣ አባቱ ለሞተበት የውጭ አገር ሰው በጻፈው የኀዘን ደብዳቤ ውስጥ አገባው። ደግነቱ ደብዳቤው ሳይላክ ታየ። ፈሊጡ የቀልድ ነው፤ ሰው ስለማያዝንለት ሰው ሞት እንደ ዋዛ የሚጥለው ቃል ነው። በአማርኛ ለኀዘንተኛ «አባትዎ ድፍት በማለታቸው እጅግ አዝኛለሁ» ብሎ እንደ መጻፍ ያህል ነው። «ሞተ»፣ «ዐረፈ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» የሚሉትን እንደ ሰውየውና እንደ ስፍራው ለይተን የምንናገር እኛ፣ የሌላውም ሕዝብ ቋንቋ እንዲህ ያለ ደረጃ እንዳለው መዘንጋታችን ያስደንቃል።

የፈሊጥ ዕድሜም ሌላ ነገር ነው። እንግሊዞች ከባድ ዝናም ሲጥል «ድመትና ውሻ ይዘንማል» ይላሉ ተብሎ ያልተማረ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1738 ዓ.ም. የጨዋ ነን ባዮችን የተሰለቸ ወግ ለማፌዝ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህ አነጋገር ይገኛል። በዚያን ዘመን እንኳ የሚሳቅበት የነበረውን፣ ዛሬም ከእንግሊዞች አፍ ይልቅ በመማሪያ መጻሕፍት የሚበዛውን ቃል፣ ልጆቻችን የጥሩ እንግሊዝኛ ምልክት አድርገው ይይዙታል።

በባለቤቶቹም ዘንድ ቢሆን ነገሩ የጠራ አይደለም። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው መጣጥፍ፣ ምንነቱን ሳያስቡ ፈሊጥ የሚደጋግሙትን ጸሐፊዎች ነቅፏል። «የእግርን ጣት በመስመር ላይ ማድረግ» ማለት ለታዘዙት መገዛት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «የእግር ጣት» እና «መጎተት» የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ፣ አንዳንዶቹ «መስመሩን መጎተት» ብለው ይጽፉታል። ሥዕሉ ከዓይናቸው ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ የሚያሰጋው ግን በባሕር ማዶና በባሕር ማዶ መካከል ያለው ልዩነት ይመስለኛል። «ጽሑፉን ጠረጴዛ ላይ ማኖር» በእንግሊዝ አገር ለውይይት ማቅረብ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ውይይቱን ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ እንደሚተርኩት፣ በዋሺንግቶን በተደረገው ጉባኤ የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት አንድ ጽሑፍ በአስቸኳይ እንዲታይ ፈልገው ይህንኑ ቃል ተናገሩ። አሜሪካኖቹም ጽሑፉ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እንዲረሳ የተጠየቁ መስሏቸው ተቃወሙ። ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን የተረዱት ረዥምና መራራ ክርክር ካደረጉ በኋላ ነው።

አፍ የፈቱበት ቋንቋ አንድ የሆኑ ሰዎች ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከሁለቱም አገሮች የሚመጣ የስብሰባ ወረቀት የሚያነብ ሠራተኛ አስቀድሞ ጸሐፊው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን የሚያመለክት ዓምድ በዝርዝሮቹ ውስጥ አላየሁም። እኔ በምጠቀምበት ዝርዝር ጠርዝ ላይ «ማን ለማን» የሚል ሦስተኛ ዓምድ በእርሳስ ጨምሬአለሁ፤ ከግማሽ የሚበልጠው እስካሁን ባዶ ነው።