ሚዛኑ ሲመዘን፤ ስለ ፕሮግራም ፍጥነት በተጻፈ አንድ ጥናት ላይ የቀረበ አስተያየት

ሳይመዝን «ይህ ከዚያ ይበልጣል» የሚል ሰው ወሬኛ ይባላል። መዝኖ የተናገረ እንደ ሆነ ግን ቃሉ ይታመንለታል፤ ሚዛኑ ራሱ ልክ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ጥናት ይህንኑ ጥያቄ የጠየቀ ነው። ጸሐፊዎቹ ቶድ ሚትኮዊትዝ፣ አሜር ዲዋን፣ ማቲያስ ሃውስቪርትና ፒተር ስዊኒ ሲሆኑ፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2009 አስፕሎስ በተባለው የኮምፒውተር ሊቃውንት ጉባኤ ላይ የቀረበ ነው። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ግልጽ የሆነ ጥፋት ሳይሠሩ የተሳሳተ ውጤት ስለ ማውጣት» እንደ ማለት ይሆናል። ጥናቱ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን በዚህ ዓመት ባነበብሁት ጊዜ ነገሩ የራሴን በር አንኳኳ። ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ።

የዚህ ትምህርት ተማሪ ላልሆኑ አንባቢዎች አስቀድሜ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ኮምፒውተር የሚሠራው በራሱ የቍጥር ቋንቋ በተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ሰው ግን ለሰው በሚቀርብ ቋንቋ ይጽፋል። ከዚህኛው ወደዚያኛው የሚተረጕመው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። ጥሩ አስተርጓሚ ቃል በቃል እንደማይተረጕም ሁሉ ኮምፓይለሩም የተሰጠውን እንዳለ አይገለብጥም። ተደጋግሞ የሚሰላውን አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ ያስቀምጣል፤ ለውጤቱ የማይጠቅመውን ይሰርዛል፤ ትንንሾቹንም ክፍሎች በተጠሩበት ቦታ ላይ ይተካል። ይህ ፕሮግራሙን የማፍጠን ሥራ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው ነው። ጆን ባከስ የመራው የአይ.ቢ.ኤም. ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957 ፎርትራንን ከነኮምፓይለሩ ሲያወጣ ከነበረበት ሥጋት ዋነኛው፣ ተተርጕሞ የሚወጣው ፕሮግራም በእጅ ከተጻፈው እጅግ ከዘገየ ሰው አይቀበለውም የሚል ነበር። እንግዲህ ኮምፓይለር ከጥንት ጀምሮ የሚፈረድበት በሰዓት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ጥናቱ እንመለስ። ጂሲሲ የተባለው የታወቀ ኮምፓይለር ልዩ ልዩ የማፍጠን ደረጃዎች አሉት፤ ከነዚህም ሁለቱ ኦ2 እና ኦ3 ይባላሉ። በኦ3 ጊዜ ኮምፓይለሩ ከኦ2 ይልቅ ብዙ ይደክማል። ጸሐፊዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ኦ3 በእርግጥ ከኦ2 ይበልጥ ያፈጥናልን የሚል ነው። ለዚህም እስፔክ 2006 ከተባለው የመለኪያ ፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ በሲ ቋንቋ የተጻፉትን ወስደው ፈተኑ። ነገር ግን ሲፈትኑ ማንም ከቁም ነገር የማይቈጥራቸውን ሁለት ነገሮች ሆን ብለው ይለዋውጡ ነበር።

የመጀመሪያው የኢንቫይሮንመንቱ ርዝመት ነው። በዩኒክስ አንድ ፕሮግራም ሲነሣ የተጠቃሚው ስም፣ የሚሠራበት አድራሻና ይህን የመሳሰለው ሁሉ የተጻፈበት ዝርዝር አብሮት ወደ ሜሞሪ ይገባል። ሁለተኛው የፕሮግራሙ ልዩ ልዩ ክፍሎች ተራ በተራ ተጣምረው አንድ ፋይል የሚሆኑበት ቅደም ተከተል ነው። ሁለቱም የፕሮግራሙን ትርጕም በምንም አይለውጡም። ሆኖም ውጤቱ አስደናቂ ሆነ። ፕሮግራሙ ያው፣ ኮምፒውተሩ ያው፣ ኮምፓይለሩም ያው ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ አቀማመጥ ኦ3 ሲያሸንፍ በሌላው ኦ3 ራሱ ተሸንፎ ተገኘ። ይህም በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ የታየ አይደለም፤ በፔንቲየም 4ም፣ በኮር 2ም፣ በተፈተኑበት ሁሉ ታይቶአል።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል የሚል አንባቢ፣ በገበያ ጤፍ ሲሰፈር ያየውን ያስታውስ። ጤፉ ያው ነው፣ ቁናውም ያው ነው፤ ሰፋሪው ቁናውን ነቅነቅ ያደረገ እንደ ሆነ ግን እህሉ ስለሚጠቀጠቅ ብዙ ይይዛል። ሜሞሪም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ የሚያነበው አንድ አንድ ባይት እየለቀመ ሳይሆን በጥቅል ነው፤ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ ጥቅል 64 ባይት ይሆናል። ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም አንድ አጭር ዑደት በአንድ ጥቅል ውስጥ ተጠቃሎ ካረፈ ይፈጥናል፤ አቀማመጡ በጥቂት ባይት ተንሸራትቶ በሁለት ጥቅሎች ድንበር ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ይዘገያል። የኢንቫይሮንመንቱ ርዝመት ስታክ የሚባለውን የፕሮግራሙን የሥራ ጠረጴዛ መነሻ ቦታ ያንሸራትታል፤ የማጣመሪያው ተራ ደግሞ የትእዛዞቹን ቦታ ያንሸራትታል። እንግዲህ መርማሪው ኮምፓይለሩን መዘንሁ ሲል የመዘነው ኮምፓይለሩንና የቁናውን መነቅነቅ አንድ ላይ አድርጎ ነው።

ጸሐፊዎቹ በዚህ አላበቁም። በታወቁ ጉባኤዎች ላይ የቀረቡ 133 ጽሑፎችን መርምረው፣ ይህን የአለካክ አድልዎ በሚገባ የተጠነቀቀ አንድ እንኳ እንዳላገኙ ገልጸዋል። ከነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ብዙዎቹ ዘዴያችን ከመቶ ይህን ያህል እጅ አፈጠነ የሚሉ ናቸው። አድልዎው ዘዴው አስገኘ ከተባለው ጥቅም ጋር የሚተካከል ከሆነ፣ የጥቅሙ ወሬ በምን ይታመናል?

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። ባለፈው መንፈቅ ዓመት በአንድ ትምህርት ላይ አንድ የሲ ፕሮግራም ተሰጠንና በኦ2 እና በኦ3 ለክተን እንድናቀርብ ታዘዝን። እያንዳንዳችን ዋናውን ፋይል በየራሳችን ስም ሰየምነው። እኔና የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ የለካነው በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ሌሊት፣ እየተፈራረቅን ነበር። የእኔ ውጤት ኦ3 ከመቶ ጥቂት እጅ ፈጣን ነው የሚል ሆነ። የእርሱ ኦ3 ይዘገያል የሚል ሆነ። እኔም ከኋላ ሌላ ፕሮግራም እየሠራበት ነው የለካኸው ብዬ ተከራከርሁት። እርሱ «እኔ የጻፍሁት ያየሁትን ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። የእኔ ውጤት በመጽሐፍ ከተማርነው ጋር ስለ ተስማማ ጥሩ ነጥብ አገኘሁ፤ የእርሱ ግን በጥንቃቄ ጕድለት ተቈጥሮ ዝቅ ያለ ነጥብ ተሰጠው።

ይህን ጥናት ካነበብሁ በኋላ የማጣመሪያው ትእዛዝ ፋይሎቹን በስማቸው ፊደል ተራ የሚወስድ መሆኑ ትዝ አለኝ። የእኔ ስም የሚጀምረው በመጀመሪያዋ የላቲን ፊደል ነው፤ የባልንጀራዬ በመጨረሻዋ ነው። ስለዚህ የእኔ ዋና ፋይል ከሁሉ ፊት፣ የእርሱ ከሁሉ ኋላ ገብቶ ነበር። የራሴን ፋይል ስሙን ብቻ ለውጬ እንደገና ብለካው የባልንጀራዬን ውጤት አገኘሁ። ተራውን ብዙ ጊዜ እየቀያየርሁ ስለካ አንዳንዴ ኦ3 ይቀድማል፣ አንዳንዴ ኦ2 ይቀድማል፤ በጠቅላላው ይህኛው ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ ነገር አጣሁ። እርሱ አልተሳሳተም፤ እኔም አልዋሸሁም። ጥፋቴ ውጤቴ ካመንሁት ጋር ስለ ገጠመ ብቻ ሚዛኑን አለመጠርጠሬ ነው። ለአስተማሪያችን ብናስረዳቸው ነገሩን ተቀብለውናል፤ ይሁን እንጂ ነጥቡ ተመዝግቦ ስላለፈ አልተለወጠም። ስለዚህ እውነቱ ቢያንስ በዚህ መጽሔት ላይ ይጻፍለት ብዬ ነው።

እንግዲህ ስለ መድኀኒቱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የፊዚክስ አስተማሪያችን ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ሰጥተውን፣ ዕቃውን አንድ ጊዜ በግራው ሳሕን፣ አንድ ጊዜ በቀኙ አድርገን እንድንመዝን ያዙን ነበር። የሚዛኑ አንድ ክንድ ከሌላው ጥቂት ቢረዝም፣ ሳሕኑን መለዋወጥ ስሕተቱን በስሕተቱ ያጣፋዋልና። ጸሐፊዎቹ ያቀረቡት መድኀኒት ይህንኑ ይመስላል፤ አቀማመጡን በዕጣ እየለዋወጡ ብዙ ጊዜ መለካት፣ ከዚያም በአማካዩና በውጤቶቹ መራራቅ መፍረድ ነው። ከዚህም ጋር መንሥኤ የተባለውን ነገር ለብቻው እየለወጡ በእርግጥ መንሥኤ መሆኑን ማረጋገጥ እንደሚገባ አሳይተዋል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግናቸው ነው።

ሆኖም ጥናቱን በሁለት ነገር እነቅፈዋለሁ።

አንደኛ፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በጉልህ ተለይተው አልቀረቡልኝም። ይህ የማፍጠን ዘዴ መልካም ነውን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የብዙ አቀማመጦች አማካይ ትክክለኛው መልስ ነው። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ጽፎ ለሺሕ ሰዎች የሚያድል ሰው የሚያድለው አማካዩን አይደለም፤ ተጣምሮ ያለቀ አንድ ፋይል ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ የትእዛዞቹ ተራ ተወስኖ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ዕድሉ ከፍቶ ዋናው ዑደት በድንበር ላይ ቢያርፍ ተቀባዮቹ ሁሉ ያንኑ መዘግየት ይቀበላሉ። ለዚህ ሰው ልዩነቱ በአማካይ ሲታይ የለም ማለት መጽናኛ አይሆነውም። እርሱ መለካት የሚገባው ያንኑ የሚያድለውን ፋይል ነው፤ አንድ መሥመር በለወጠም ቍጥር እንደገና መለካት አለበት። ለኮምፓይለር ሠሪው ጫጫታ የሆነው ነገር ለፕሮግራም ሠሪው እውነተኛ ወጪ ነው።

በዚህ ረገድ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቻርሊ ከርትሲንገርና ኤመሪ በርገር በዚያው ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ስታቢላይዘር የተባለ ሥራ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወስዶታል። መሣሪያው ፕሮግራሙ በመሥራት ላይ ሳለ የትእዛዙን፣ የስታኩንና የሌላውንም ሜሞሪ አቀማመጥ ደጋግሞ በዕጣ ይለዋውጣል። በዚህ መንገድ ሲመዘን ኦ2 ከኦ1 የሚበልጥ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የኦ3 በኦ2 ላይ ያለው ብልጫ ግን ከአጋጣሚ ጫጫታ ሊለይ አልቻለም። ይህን የምጠቅሰው የ2009ኙን ጥናት አንብበው ስለ ፍጥነት ምንም ሊታወቅ አይችልም ለሚሉ ሰዎች መልስ እንዲሆን ነው። ትልቅ ልዩነት ይታወቃል። የማይታወቀው ከሚዛኑ መወላገድ ያነሰ ልዩነት ነው።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊዎቹ የሚዛኑን አቀማመጥ ሲመረምሩ በሚዛኑ ላይ የሚወጣውን ዕቃ እንዳለ ተቀብለውታል። በእስፔክ ስብስብ ታሪክ ግን ዕቃው ራሱ ያሳሳተበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የመጀመሪያው ስብስብ ውስጥ ማትሪክስ 300 የሚባል ፕሮግራም ነበረ። ይህ ፕሮግራም ጊዜውን ከሞላ ጐደል በሙሉ የሚያጠፋው በአንድ መሥመር ላይ ስለ ነበረ፣ ኮምፓይለሮች ያንን መሥመር ለይተው ማፍጠን በቻሉ ጊዜ ቍጥሩ እጅግ ወደ ላይ ተተኰሰ፤ በ1992ቱም ስብስብ ፕሮግራሙ ተወገደ። የኮምፒውተሩ ገዢ ግን የሚያሠራው የራሱን ሥራ እንጂ ማትሪክስ 300ን አልነበረም። እንግዲህ ሳሕኑን መቶ ጊዜ ብንለዋውጥ እንኳ በላዩ ያስቀመጥነው ዕቃ የዕለት ሥራችንን የማይመስል ከሆነ፣ በትክክል የመዘንነው የማይጠቅመንን ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ነቀፋ የጥናቱን ዋጋ አይቀንስም። በበኩሌ ከመማሪያ መጽሐፍ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢሰጥ እወዳለሁ። በመጨረሻም ለዚህ መጽሔት አዘጋጆችና ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ ስለ ፍጥነት የሚጻፍ ሪፖርት ሁሉ የኮምፓይለሩን ስምና እትም፣ የተሰጠውን የማፍጠን ደረጃ፣ ክፍሎቹ የተጣመሩበትን ተራና ስንት ጊዜ እንደ ተለካ ይግለጽ፤ ተራውም ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ተለዋውጦ ይለካ። ከብዙ ውጤቶችም አንዱን መርጦ ከማቅረብ ይልቅ የሚራራቁበትን ልክ ጨምሮ ያሳይ። ድካሙ የአንድ ምሽት ነው። ሁለት ባልንጀሮች በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተለያየ ነገር ባዩም ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሰነፍ ከማለቱ በፊት የፋይሎቻቸውን ስም ያስተያዩ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።