ነጠላ እና መካከለኛ ግራጫ

የካሜራ ግምገማ ብዙውን ጊዜ ቁጥር ቆጠራ ነው። ስንት ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ አንድ ባትሪ ስንት ፎቶ። ፉጂፊልም ኤክስ100ቪን ከመግዛቴ በፊትም ከገዛሁ በኋላም እንዲህ ያለውን ብዙ አንብቤያለሁ፣ ቪዲዮውንም እስኪሰለቸኝ አይቻለሁ። አንዳቸውም ግን ካሜራው ነጠላ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን ከምትወጣ ጠይም ሴት ፊት ሲቆም ምን እንደሚወስን አልነገሩኝም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ስለ ካሜራው በሙሉ አይደለም። ከላይ በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ ስላለች አንዲት ማዞሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ የመጀመሪያው ኤክስ100 በ2010 ተዋውቆ በ2011 ገበያ ላይ ዋለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ሌንሱ አይነቀልም፣ ዙም የለውም፤ 23 ሚሊሜትር፣ በድሮው የፊልም ስሌት 35 መሆኑ ነው። ሰውን ለማጉላት በእግርህ ትቀርባለህ። መልኩ የአባቶቻችንን ዘመን የፊልም ካሜራ ይመስላል፤ የፍጥነቱና የብርሃኑ ማዞሪያዎች እንደ ድሮው ከላይ ተደርድረዋል። የኔው ቪ በ2020 የወጣው ነው፣ 26 ሜጋፒክስል። ከዚያ ቲክቶክ አገኘው፤ ከሱቅ ጠፋ፣ ያገለገለውም ከአዲሱ ዋጋ በላይ ሲሸጥ ነበር። በ2024 ተተኪው 40 ሜጋፒክስል ይዞ በ1,599 ዶላር መጣ። ወደ ብር አትመንዝሩት፣ ቀናችሁ ይበላሻል።

ወደ ማዞሪያዋ ልመለስ። ካሜራ ነጠላ አያውቅም፣ ፊት አያውቅም፤ ብርሃን ይለካል። የለካውን ደግሞ ከአንድ ግምት ጋር ያስማማዋል፦ ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት የሚል ግምት። ፎቶ አንሺዎች መካከለኛ ግራጫ ይሉታል፤ የወደቀበትን ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ካርድ ሁሉ አለው። ፍሬሙን ነጭ ነገር ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ጥቁር ነገር ሲሞላው «አነሰ» ብሎ ያበራል። ብቻቸውን ብታነሳቸው ነጭ ድመትም ጥቁር ድመትም ግራጫ ድመት ሆነው ይወጣሉ። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ፍሬሙን ከፋፍለው ይለካሉ፣ ፊትም ለይተው ያውቃሉ፣ ግን ግምቱ ከሥር አለ።

እንግዲህ ይህን ግምት ይዛችሁ ለጥምቀት ጃንሜዳ ሂዱ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ። በዚያ ነጭ መሃል ፊቶች አሉ። ካሜራው በራሱ ሲተው ነጩን ቆጥሮ ያጨልማል። በስንት ሳሙና ታጥቦ የተተኮሰው ነጠላ አመድ የነካው ይመስላል፤ ፊቱ ደግሞ ዓይንና ቅንድብ እስከማይለይበት ድረስ ይጠቁራል። ይሄ የአንድ ኩባንያ ጥፋት አይደለም፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለካው። ልዩነቱ ማረሚያው የት ተቀመጠ የሚለው ላይ ነው። ስልክ ላይ ስክሪኑን ነክተህ፣ ጠብቀህ፣ ትንሿን ፀሐይ ወደ ላይ ስትጎትት ሰውየው አልፏል። እዚህ ላይ ግን በአውራ ጣት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ሦስት ጠቅታ አንድ ስቶፕ ነው፣ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ። ዓይኔን ከማያው ላይ አላነሳም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አያልቅም። ዲጂታል ሴንሰር ለነጭ ምሕረት የለውም። ብርሃኑን ለፊቱ ብለህ ስትጨምር የነጠላው ክር፣ እጥፋቱ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጥበብ ይነጣል፤ አንዴ ከነጣ ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አይመልሰውም፣ ምክንያቱም እዚያ ቦታ ላይ የተመዘገበ መረጃ የለም። ጨለማው ውስጥ ግን መረጃ ይቀራል። ፉጂ ለዚህ የሰራው መላ ዲአር400 ይባላል፦ ሴንሰሩን ሁለት ስቶፕ በጎደለ ብርሃን ያስመዘግብና በኋላ ጥላውን ብቻ በስሌት ያነሳዋል። ለዚህ ነው በኔው ካሜራ ላይ አይኤስኦ ከ640 በታች ከሆነ የማይሰራው። መላው ጎበዝ ነው፣ ጃንሜዳ ላይ እከፍተዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ፊቱና ነጠላው ላይ አሁንም ድርድር አለ። ማንን ላስቀድም? ስልኩ ይህን ጥያቄ ለኔ አያቀርበውም፤ ብዙ ፍሬም ደራርቦ ሁለቱንም እኩል ያበራና የጥር ቀትር የደመና ቀን ይመስላል። ፀሐዩ የታለ? ጥላ የሌለበት ጥምቀት እኔ አላውቅም።

በሥራዬ ኮድ ስለምጽፍ ይሆናል «ዲፎልት» የሚለው ቃል ላይ እልህ የምጋባው። ዲፎልት ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ቡድን ስብሰባ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ ያለውን ምሳሌ አይቶ ይወስነዋል። ምሳሌው ውስጥ ማን አለ የሚለው ነው ጣጣው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ይልከው የነበረው ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ሲባል ኖረ። ለአስርት ዓመታት የሰው ቆዳ ትክክለኛ ቀለም እሷን መምሰል ነበረበት። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲለይ ግፊት ያደረጉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አስተዋዋቂዎች ናቸው ተብሎ በሰፊው ተጽፏል፤ የኛ ፊት ከቸኮሌት ኋላ ነው ወረፋ የያዘው። ይሄ የድሮ ታሪክ ነው ለሚለኝ፣ በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ያሳተሙትን ጥናት እጠቁማለሁ። ፊት አይቶ ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮችን ፈትነው፣ በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ አገኙት። ፊልሙ ጠፋ፣ ካርዱ ጠፋ፣ ግምቱ ዳታ ውስጥ ገብቶ ቀጠለ።

የወሎ ሰው የሆኑት አያቴ አንገታቸው ላይ ንቅሳት አላቸው፣ አገጫቸው ላይም ትንሽ። በልጅነታቸው በመርፌ የተወቀረ ነው። ዕድሜ አደብዝዞት ሰማያዊም አረንጓዴም የማይባል፣ ከቆዳቸው ብዙም የማይለይ ቀጭን መስመር ሆኗል። በስልኬ ሳነሳቸው ንቅሳቱ የለም። የፊት ማስዋቢያውን ዘግቼም የለም። ምክንያቱን መገመት ይቻላል፦ ስልኩ ፊት ሲያገኝ ያበራዋል፣ ከዚያ ኖይዝ ለመቀነስ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ ደብዛዛ ቀጭን መስመር ደግሞ ለሶፍትዌሩ ኖይዝ ነው። ስልኩን ተቀብለው አዩትና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። ሳቅን። ሳቁ ግን ከኔ ጋር አልቆየም። ልጆቻቸው አልተነቀሱም፣ የልጅ ልጆቻቸውማ በመርፌ ሳይሆን በቦሌ ስቱዲዮ ማሽን ነው። ያቺ መስመር ከሳቸው ጋር የምታልፍ ናት፤ በቤተሰቡ ስልኮች ውስጥ ካሉት ፎቶዎች ደግሞ ከወዲሁ አልፋለች።

በካሜራው በር ላይ አስቀምጬ አነሳኋቸው፣ ጠዋት። ጀርባቸው የቤቱ ጨለማ ነው። እዚህ ካሜራው የሚገፋው ከጃንሜዳው በተቃራኒ ነው፤ ጨለማውን አይቶ ያበራል። ሁለት ጠቅታ ወደ ታች። ቆዳቸው የራሱን ቀለም ያዘ፣ ከጎን የመጣው ብርሃን እጥፋቱን ሁሉ አሳየ፣ ንቅሳቱም ከነመስመሩ ወጣ። ምንም ተአምር የለውም፤ መጠኑ ትልቅ የሆነ ሴንሰርና ዝም የሚል ሶፍትዌር ነው። ዋጋው የሚከፈለው በአብዛኛው ለዝምታው ይመስለኛል።

ይሄው ካሜራ ግን ሌላ ቦታ ላይ በጣም ያወራል። ፊልም ሲሙሌሽን የሚሏቸው 17 የቀለም ዓይነቶች አሉት፦ ፕሮቪያ፣ ቬልቪያ፣ ክላሲክ ክሮም፣ ክላሲክ ኔጋቲቭ እያለ ይቀጥላል። ቲክቶክ ላይ ያነገሠውም ማዞሪያው ሳይሆን ይሄ ነው። ሰዎች «ሬሲፒ» ይለዋወጣሉ፤ ይሄን ያህል ጥላ፣ ይሄን ያህል ሙቀት፣ እንደ ወጥ ቅመም። እንደ መሐንዲስ ሥራውን አደንቃለሁ፣ ፊልም ሲሰራ የኖረ ኩባንያ እውቀቱን ወደ ስሌት መቀየሩ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ተመልካች ግን ይደክመኛል። ክላሲክ ክሮም ቀለምን ዝቅ አድርጎ የድሮ መጽሔት ለማስመሰል የተሰራ ነው። የየትኛው አገር ድሮ? አደይ አበባን በክላሲክ ክሮም የሚያነሳ ሰው መስከረምን ወደ ግንቦት ይመልሰዋል። የቄሱ ጥላ ቀዩ ደም ግባቱን ያጣል። ኢንስታግራም ላይ የማያቸው የአዲስ አበባ ፎቶዎች ግማሾቹ ፒያሳን ማንም ያልኖረበት የ70ዎቹ ከተማ ያደርጓታል፤ ውሳኔውን በእጅህ የሰጠህ ካሜራ በሌላው እጁ የተሰናዳ ናፍቆት ይሸጥልሃል። ክላሲክ ኔጋቲቭ ላይ ግን እጄ ይላላል፣ አልዋሽም። የቤታችን የሠርግ አልበም ቀለም አለበትና።

እዚህ ላይ «ታዲያ ግርማ በርታስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ በ2016 የጌቲና የኢንስታግራምን የፎቶ ሽልማት ሲያሸንፍ ሥራው በአይፎን የተነሳ ነበር። የአዲስ አበባ መንገደኛን፣ ተሸካሚውን፣ ጃንጥላ የያዘችውን ከነጥላቸው ቆርጦ አንድ ወጥ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል። ከጀርባው ያለው ግንብ፣ መኪና፣ ጭቃ ሁሉ ይነሳና ሰውየው ብቻውን ከነክብሩ ይቀራል። ስልኩ የወሰነውን ግርማ በኋላ እንደገና ወስኖታል፤ ያውም ከኔ ማዞሪያ በብዙ እጥፍ በጠነከረ እጅ። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በሌላ በር ነው የሄደችው። ሞዴሎቿን ነጭና ሰማያዊ ትቀባቸዋለች፣ ቀዩን ቀይ፣ ቢጫውን ቢጫ አድርጋ ታለብሳቸዋለች። እኔ ያንን ቀለም ሳይ ሌላው ትርጉሙ እንዳለ ሆኖ፣ «ይሄን ፊት በአማካይ ሞክረው» ስትለው ይታየኛል። ፊቱ ምን ያህል መብራት እንዳለበት ካሜራው ሳይደርስ በብሩሽ አልቋል። ሁለቱም ካሜራን አላመኑም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ውድ ካሜራ ላይ ያገኘኋት ትንሽ አለማመን ያቺ ማዞሪያ ናት።

ሌላው ሌላው፦ ሜኑው የተዝረከረከ ነው፣ ባትሪው በዓል ሙሉ አይውልም፣ ትርፍ ያዙ። መዝጊያው ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅዳሴ አይረብሽም። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሰው ጋዜጠኛ ነህ አይልህም፤ ጥበቃዎች ግን አሁንም «ፎቶ ክልክል ነው» ይሉሃል፣ አጠገብህ ሦስት ሰው በስልክ እየቀረጸ።

የአያቴን ፎቶ ለማሳተም ፋይሉን በፍላሽ ይዤ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ ስክሪኑ ላይ ከፈተው፣ እኔን ሳይጠይቅ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ፊታቸው በራ፣ አንገታቸው ለሰለሰ። «ጠቁሮ ነበር እኮ ወንድሜ፣ አስተካከልኩልህ» አለኝ። በቅንነት ነው። መልሰው አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። «እናትህ ናቸው? እንዲህ ሆነው ይውጡ?» አያቴ ናቸው፣ እንዲህ ናቸው አልኩት። ትንሽ ተከራከርንና ሁለቱንም አተመልኝ፣ የሁለቱንም ሒሳብ ተቀበለኝ።

አያቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ጠቆር ባለው ላይ ጣታቸውን አንገታቸው ላይ ሄድ መለስ አደረጉ። «ይሄኛው አልበላብኝም» አሉ። ከዚያ የበራውን አንስተው ሳሎን እንድሰቅለው ሰጡኝ፤ እንግዳ የሚያየው እሱ ይሁን አሉ። ሌላውንስ ስላቸው፣ «እሱን ለእኔ ተወው» ብለው ይዘውት ገቡ።