ሁለተኛው ተሟጋች እስኪነሣ

«የዓለም ልብ ወለድ ለአማኝ ምን ይረባዋል?» የሚል ጥያቄ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ በየጊዜው ይነሣል። ጥያቄው አይናቅም፤ ጊዜ የጌታ አደራ ነው፣ ለከንቱ የሚነበብም ብዙ አለ። እኔ ግን በደስታ ያነበብሁትን አንድ መጽሐፍ ይዤ ልሟገት።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው የጆን ግሪሻም «ዘ ቴስታመንት» ነው፤ ኑዛዜ ማለት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ግሪሻም ደራሲ ከመሆኑ በፊት በሚሲሲፒ ጠበቃ ነበርና የችሎትን ነገር ከውስጥ ያውቀዋል። አንድ አዛውንት ቱጃር አእምሮው ጤነኛ እንደሆነ ሦስት ሐኪሞች መርምረው ይመሰክሩለታል። ሐኪሞቹ ሲወጡ በገዛ እጁ የጻፈውን ሌላ ኑዛዜ ያወጣል። 11 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተውን ሀብቱን ቤተሰቡ ለማያውቃት ልጁ ለራሔል አውርሶ፣ ወዲያው ራሱን ከፎቅ ወርውሮ ይሞታል። ራሔል በብራዚል፣ በፓንታናል ረግረግ ውስጥ የምታገለግል ሚስዮናዊት ናት። ፈልጎ እንዲያገኛት የሚላከው ጠበቃ ኔት ኦራይሊ ደግሞ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሕይወቱ የፈረሰ ሰው ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

መጽሐፉ ያስቃል፤ ያስጨንቃልም። አባታቸው ጤነኛ ነው እንዲባልላቸው ሐኪሞቹን ያቆሙት ወራሾች፣ ኑዛዜውን ከሰሙ በኋላ «አብዶ ነበር» የሚሉ ሌሎች ሐኪሞችን ይፈልጋሉ። ገንዘብ አፍን እንዴት እንደሚገለብጥ ከዚህ የበለጠ ስብከት አልሰማሁም።

ይህ የሙግት ጣዕም ለእኛ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባልም የተቆጣ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። ዛሬም በእኛ በዋግ ኽምራ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አንዱን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። ምሳሌ 18፥17 የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያ የሚናገር ጻድቅ ይመስላል፣ ባላጋራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24ን ተመልከቱ። ጠበቃው ጠርጠሉስ ፊልክስን አሞካሽቶ ጳውሎስን ይከሳል። ንባባችንን ቁጥር 9 ላይ ብናቆም ጳውሎስ ሁከተኛ ሆኖ ይቀርብናል። ቁጥር 10 ላይ ግን አፉን ይከፍታል።

የሕግ ልብ ወለድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ተሟጋች እስኪነሣ ድረስ ፍርድን ማቆየት ያስለምዳል። በኔት ላይ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ፈርጄበት ነበር፤ መጽሐፉ ፍርዴን አስነሣኝ።

ደራሲውም ግን ይህን ትምህርት እስከ መጨረሻ አልጠበቀም። የቱጃሩ ልጆች ሁሉም ስግብግቦች ናቸው፤ ለአንዱ እንኳ ጥብቅና የሚቆም ገጽ የለም። ራሔልም ጥርጣሬና ድካም የማይነካት ሆና ተሥላለች፤ ኤልያስ እንኳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኖ ነበር። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ፣ ራሔል ሕይወቷን የሰጠችላቸው የወንዝ ዳር ሰዎች ከሩቅ ይታያሉ እንጂ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ምን ያስባሉ? ወንጌሉንስ በራሳቸው ቋንቋ እንዴት ሰሙት? በኽምጥኛ የሚጸልይ፣ ስለ አበርገሌ ግን ከድርቅ ዜና ሌላ ሲነገር የማይሰማ ወጣት ይህ ዝምታ ቶሎ ይታየዋል።

ታዲያ መጽሐፉን ልተወው? አልተወውም። ጉድለቱን እንዳይ የረዳኝ ሌላ ማንበቤ ነው። ዳንኤል የከለዳውያንን ጽሕፈት ተምሯል፤ ጳውሎስም በአቴና የግሪክ ባለ ቅኔዎችን ጠቅሷል። ሁለቱም እምነታቸውን አልጣሉም። የሚስማማውን ብቻ የሚያነብ ወጣት አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው። እንዲህ ያለው ዳኛ ነገ በኅብረታችን ውስጥ በወንድሙና በእህቱ ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ በየኅብረታችሁ አንድ ልብ ወለድ መርጣችሁ አንብቡ፤ ከዚያም ተቀምጣችሁ ተሟገቱበት። መጽሐፍ ቅዱስ ከፊታችሁ ተዘርግቶ ይኑር። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን «ያልተሰማ ማን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።