አሠልጣኙን የቀጠረው ማን ነው?

ስለ ስፖርት ሹምና ስለ አሠልጣኝ የቀረበ ሂስ

በአገራችን ስለ ስፖርት የሚጻፈውና የሚነገረው ሂስ ሁሉ መጨረሻው በአንድ ሰው ላይ ያርፋል። ቡድን ሲሸነፍ ተጠያቂው አሠልጣኝ ነው፤ ሲያሸንፍም ለጥቂት ቀን የሚመሰገነው እርሱ ነው። አሰላለፉ ይተቻል፤ የተጫዋች ለውጡ ይተቻል፤ በሜዳው ዳር የቆመበት አኳኋን እንኳ ሳይቀር ይተቻል። ነገር ግን ይህን ሰው ለሥራው የመረጠው ማን እንደ ሆነ፣ በምን መመዘኛ እንደ መረጠው፣ ከቀጠረውም በኋላ የሚያስፈልገውን ምን ያህል እንዳሟላለት የሚጠይቅ ሐያሲ እምብዛም አይገኝም። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረት በአሠልጣኝ ላይ ለመፍረድ ለሚቸኩሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚመለስ ነው፤ ከበሮውን ለመቺው የሰጠው ማን ነው?

ነገሩን ለመመርመር አስቀድሞ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የሚታይበትን አገር መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ዲሬክተር የሚባል ሹም አለ። ኮሌጁ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ በፈለገ ጊዜ ዕጩዎቹን የሚያጠና፣ የሚያነጋግር፣ የውሉን ዘመንና ደመወዝ የሚደራደር፣ ለፕሬዚዳንቱም የሚያቀርብ ይኸው ሹም ነው። ከዚያም በኋላ በጀቱን ይቆጣጠራል፤ የውድድር ደንብ እንዳይጣስ ይጠብቃል፤ ደጋፊውና ገንዘብ ሰጪው ሲቈጣ ከአሠልጣኙ በፊት ፊቱን የሚያሳይ እርሱ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ቢወድቅ «ይህን ሰው ያመጣህ አንተ ነህ» የሚባል ስሙ የታወቀ ሰው አለ ማለት ነው።

የዚህ ሹመት ጥቅም በዱክ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ይታያል። (የአሜሪካውን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1980 የዱክ የስፖርት ዲሬክተር የነበረው ቶም በተርስ ማይክ ሺሼቭስኪ የሚባል ወጣት አሠልጣኝ ቀጠረ። ይህ ሰው በዚያው ዓመት በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ 9 ጨዋታ አሸንፎ በ17 የተሸነፈ ስለ ነበር ምርጫው ብዙዎችን አስገረመ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታትም 38 አሸነፈ፤ 47 ተሸነፈ። ደጋፊው ይሰናበትልን ሲል ጮኸ። በተርስ ግን በጥር 1984 አዲስ የአምስት ዓመት ውል ሰጠው። ሺሼቭስኪ በ2022 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ 42 የውድድር ዘመን በዚያው ቆይቶ አምስት ብሔራዊ ሻምፒዮና አገኘ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ትዕግሥት ያሸልማል» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ድምዳሜ የሚያጠግብ አይደለም። የታገሡና ያልተሳካላቸው ዲሬክተሮች ታሪክ አይተረክምና ከተሳካለት ከአንዱ ብቻ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ አሸናፊውን ማቆየትም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ዉደን በ1948 ተቀጥሮ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያገኘው በ16ኛው የውድድር ዘመኑ፣ በ1964 ነው፤ እስከ 1975 ድረስም ዐሥር አደረሰው። በእርሱ ቦታ የተተካው ጂን ባርቶ በሁለት ዓመት 52 ጨዋታ አሸንፎ በ9 ብቻ ተሸነፈ፤ ሆኖም ከዉደን ጋር ዘወትር መነጻጸሩ ስለ ከበደው በ1977 ሥራውን ትቶ ሄደ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከሁለት ዓመት በላይ አልቆዩም። ቤቱ ያው ነው፤ ስሙም ገንዘቡም ያው ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ አሠልጣኝን የሚያቆየው የነጥብ ብዛት ብቻ አለመሆኑን ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ነገር በልክ ካልተወሰነና ያን ልክ በአደባባይ የሚከላከልለት ሰው ከሌለ፣ እያሸነፈም ይሄዳል።

እንግዲህ ከበተርስ ልንማር የሚገባን ስለ ትዕግሥት አይደለም። ፍርዱ ባለቤት ነበረው፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። የቀጠረውም ሆነ ውሉን ያደሰው አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ያደረገው በስሙ ነው፤ ባይሳካለት ኖሮ በስሙ ይጠየቅ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የተባበረችውን የዐረብ ሪፑብሊክ ከጭማሪ ሰዓት በኋላ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ የስፖርት አስተዳዳሪ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ኳስን የሚያውቅና አስተዳደርን የሚያውቅ ሰው አንድ ሆኖ በመገኘቱ በሹሙና በአሠልጣኙ መካከል ክርክር የሚነሣበት ቀዳዳ አልነበረም። ነገር ግን የዚህ በረከት ሌላ ገጽ አለው። ሥራው በሰውየው ችሎታ ላይ እንጂ በጽሑፍ በተቀመጠ ሥርዓት ላይ ስላልቆመ፣ እንዲህ ያለ ሰው ባልተገኘበት ዘመን ቦታው ባዶ ሆኖ ቀረ። አንድን ትልቅ ሰው ማመስገን ተገቢ ነው፤ እርሱን የሚተካ ደንብ አለመጻፍ ግን የተከታዮቹ ጥፋት ነው።

የዚህ ባዶነት ውጤት በአቶ ሰውነት ቢሻው ዘመን በግልጥ ታየ። በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናቸው ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሳት። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድቡን እየመራ ሳለ፣ በሰኔ ወር በቦትስዋና ላይ 2 ለ 1 ያሸነፈበት ጨዋታ በማስጠንቀቂያ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች በመሰለፉ ተሰረዘበትና ሦስት ነጥብ አጣ። ቡድኑ ግን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በጳጉሜ ወር መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ተሸንፎ ቀረ። በጥር ወርም በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በተዘጋጀው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ተሸነፈ፤ ወዲያው አቶ ሰውነት ተሰናበቱ።

ሂስ እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። በሻምፒዮናው ሦስት ጊዜ ያለ ጎል መሸነፍ የአሠልጣኝ ጉዳይ ነው፤ አሠልጣኙ ሊጠየቅበት ይገባል። የካርድ ቈጠራ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። ማን ስንት ማስጠንቀቂያ እንደ ያዘ መዝግቦ ከጨዋታው በፊት ለአሠልጣኙ በጽሑፍ የሚያስታውቅ ሹም ሊኖር ይገባል። በአሜሪካው ኮሌጅ ይህ በስፖርት ዲሬክተሩ ኃላፊነት ሥር ያለ ሥራ ነው፤ ተጫዋች ያለ ደንብ ቢሰለፍ እርሱም ይጠየቅበታል። የሜዳው ውጤትና የጽሕፈት ቤቱ ጉድለት በአንድ ሚዛን ላይ ተቀላቅለው የተቀመጡ እንደ ሆነ፣ የአሠልጣኙን ትክክለኛ ክብደት ለማወቅ አይቻልም። ክብደቱ ያልታወቀን ሰው ማሰናበትም ሆነ ማቆየት ሁለቱም ግምት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቍጠር ይበቃል። ከ2006 ዓ.ም. አጋማሽ እስከ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ በየተራ ብሔራዊ ቡድኑን ያዙ። በስድስት ዓመት ተኩል አምስት አሠልጣኝ ማለት ነው። ከእነዚህ የመጨረሻው፣ አቶ አብርሃም፣ በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ውላቸው ሲያልቅ ግን አልታደሰም። ማጣሪያውን የጨረሱት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተተኩት አቶ ውበቱ አባተ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ቡድኑ በዚያ ማጣሪያ ከሰበሰበው 9 ነጥብ ውስጥ 3ቱ የአቶ አብርሃም ነበር። ለውጡ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብለን መከራከር እንችላለን። በዚህ ጽሑፍ ዐይን ግን ጉድለቱ ከዚያ በፊት ነው፤ ውሉ ሲፈረም በምን ውጤት እንደሚታደስ፣ በምን ውጤት እንደማይታደስ ለሕዝብ ያልተነገረ ከሆነ፣ ክርክሩ ራሱ የሚቆምበት መሬት የለውም።

በክለቦቻችን ዘንድ ሁኔታው ሌላ መልክ አለው። በአዲስ አበባ «መብራት ኃይል» ሲባል አንዱ መሥሪያ ቤቱን፣ ሌላው ቡድኑን፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል የሚኖረው ደግሞ ለቡ መብራት ኃይል የሚባለውን ሠፈር ያስባል። የአንድ መሥሪያ ቤት ስም እንዲህ በሰው አፍ ውስጥ መግባቱ ክብር ነው። ቡድኑም በ1985፣ በ1990ና በ1993 ዓ.ም. የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር። ይኸው ቡድን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ ተብሎ፣ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ ተመልሶ ወጥቶም በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወረደ። የመውረዱን ምክንያት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ከአደረጃጀቱ ይነበባል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሚመዘነው መብራት በማዳረሱ ነው፤ በኳስ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ኃይል አመንጪና አገልግሎት ሰጪ ተብሎ ለሁለት ሲከፈል የአገሪቱ ጭንቀት የኤሌክትሪክ እንጂ የአጥቂ መስመር አልነበረም፤ ይህም ተገቢ ነበር። ነገር ግን የአሠልጣኙ ጉዳይ በዚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ ከሌላው ጉዳይ ሁሉ በታች የሚቀመጥ እንደ ሆነ፣ የሚነሣው ቡድኑ ከተሸነፈ በኋላ ብቻ ነው።

«ባንኩም መድኑም የመሥሪያ ቤት ክለቦች አይደሉምን? ንግድ ባንክ በ2016፣ መድን በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነዋል» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የባለቤቱ ዐይነት ብቻውን ውጤትን አይወስንም። ይልቁንም የመድኑ አሠልጣኝ የአቶ ገብረመድኅን ኃይሌ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ይሰጠናል። እኚህ ሰው በ2010 ዓ.ም. ከጅማ አባ ጅፋር ጋር ሻምፒዮን ሆኑ፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ሻምፒዮን የሆኑት ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ነው። ስለ አሠልጣኙ ችሎታ ይህ ብዙ ይናገራል። ስለ ቀጣሪዎች ግን ከዚያ የበለጠ ይናገራል፤ ዋንጫ ያመጣለትን ሰው ለሁለተኛ ዓመት ያላቆየ ክለብ፣ ከዋንጫው ጋር ምን እንዳገኘ አላወቀም ማለት ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በየክለቡ የአሜሪካን ኮሌጅ ሹመት እንዳለ መትከል መፍትሔ አይሆንም። የዚያ አገር የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ንግድ ነው፤ የአሠልጣኙም ደመወዝ ከፕሬዚዳንቱ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ መውሰድ የሚገባን ተጠያቂነቱን ብቻ ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ አሠልጣኝ ከመፈለጉ በፊት ቡድኑ በሦስት ዓመት ውስጥ የት እንዲደርስ እንደሚፈለግ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የመረጠው ሰው ስሙ ይታወቅ፤ «ቦርዱ ወሰነ» የሚለው ቃል የማንም ፊርማ አይደለም። ሦስተኛ፣ የካርድ፣ የቪዛ፣ የሜዳ፣ የደመወዝ ጉዳይ የአስተዳደሩ ድርሻ ሆኖ ለብቻው ይመዘን። አራተኛ፣ አሠልጣኙ ሲሄድ የልምምዱን መዝገብና የተጫዋቾቹን ሁኔታ ለተተኪው በጽሑፍ ያስረክብ፤ አለዚያ እያንዳንዱ ስንብት ቡድኑን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል።

ይህ ነገር የስታዲየም ወሬ ብቻ ሳይሆን የእኛም ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻቸው አሠልጣኝ የሚሆኑ ተማሪዎችን ያስመርቃሉ። የጡንቻን አሠራር፣ የልምምድን ዕቅድ፣ የጨዋታን ስልት ያስተምራሉ። አሠልጣኝ መርጦ የሚቀጥር፣ የሚያቆይና በቂ ምክንያት ሲኖር የሚያሰናብት ሰው ግን ሥራውን ከየት ተማረ? በዚህ ረገድ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ሥራው ቀርቦለታል። ያለፉትን ዐሥር ዓመታት የክለቦች የቅጥር ውሎችና የስንብት ደብዳቤዎች ይሰብስብ፤ ውሉ ምን ይል እንደ ነበር፣ ስንብቱ በምን ምክንያት እንደ ሆነ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ከደብዳቤዎቹም ግርጌ የፈረመውን ሰው ስም ይመዝግብ። ሂሳችን ከአሠልጣኙ አልፎ ወደ ሹሙ የሚደርሰው ያ መዝገብ በእጃችን ሲገባ ነው።