ጠርሙሱ የማያውቀው ውሃ

ዛሬ የምንተቸው ጽሑፍ አራት መስመር ብቻ ነው። ደራሲው አይታወቅም፤ ግን ቤታችሁ አኳሪየም ካለ ሳታነቡት አልቀራችሁም። ለዓሣ በሽታ በሚሸጡ መድኃኒቶች ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው መመሪያ ነው። አምራቹ ቢለያይም ይዘቱ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፦ ለዚህን ያህል ሊትር ውሃ ይህን ያህል ጠብታ ጨምሩ፤ ከፊልተሩ ውስጥ ከሰሉን አውጡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድገሙ፤ ቅርፊት ለሌላቸው ስስ ዓሦች ግማሹን ስጡ።

እኔ ይህን ጽሑፍ በጥርጣሬ ማንበብ የጀመርኩት አቃቂ ቃሊቲ ቤታችን ካለው ገንዳ ሦስት ኮሪዶራሶች በአንድ ሌሊት ከሞቱብኝ በኋላ ነው። መመሪያውን ጥሼ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የኔ በሆነ። ችግሩ ግን ቃል በቃል ነበር የተከተልኩት። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ገባኝ፦ መመሪያው መድኃኒቱን ያውቃል፤ የኔን ውሃ ግን አያውቅም።

ጥሩው ጎኑ

ፍርድ እንዳይዛባ መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ከሰሉን አውጡ ማለቱ ትክክል ነው። የፊልተር ከሰል መድኃኒቱን ከውሃው ውስጥ ይመጥጠዋል፤ ሳታወጡት ብትጨምሩ ከሰሉን እያከማችሁት ነው።

"ድገሙ" የምትለዋ ቃል ደግሞ ብዙ ባዮሎጂ ይዛለች። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ተውሳክ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ሳለ መድኃኒቱ አያገኘውም። ከዓሣው ወርዶ ገንዳው ወለል ላይ በሽፋን ተጠቅልሎ ሲባዛም አያገኘውም። የሚሞተው ከሽፋኑ ወጥቶ አዲስ ዓሣ ፍለጋ በሚዋኝበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ማቆም የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ግን ስንት ቀን? እዚህ ላይ መመሪያው ይሰናከላል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይህ ዑደት በአንድ ሳምንት ገደማ ያልቃል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ይረዝማል። በሐምሌ ብርድ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ውስጥ በጥቂት ቀናት ሕክምና ብታቆሙ፣ ገና ከሽፋኑ ያልወጣው ተውሳክ ቆይቶ ብቅ ይላል። የቀኑ ብዛት ከቴርሞሜትሩ ጋር መያያዝ ነበረበት።

ስንት ሊትር ነው ያላችሁ?

ገንዳው 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስናባዛ 54 ሊትር ይወጣል፤ ሻጩም "ባለ 54 ሊትር" ይላችኋል። አሁን እውነተኛውን ውሃ እንፈልግ። ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ከሆነ የውስጡ ስፋት 59 በ29 ነው። ውሃው እስከ አፉ ስለማይሞላ ከፍታው 26 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 44.5 ሊትር ገደማ። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ካለ እሱ ብቻ 5 ሊትር ያህል ቦታ ይወስዳል። ድንጋይና ጌጡን ስትቀንሱ 38 ሊትር ገደማ ይቀራል።

ለ54 ሊትር ብላችሁ ከጨመራችሁ ከታዘዘው ከ40 በመቶ በላይ አስበልጣችኋል ማለት ነው! ጠንካራ ዓሣ ይችለው ይሆናል፤ ስስ ዓሣ ግን ላይችለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገንዳውን ስትሞሉ በባለ 2 ሊትር ሃይላንድ እየቆጠራችሁ ሙሉና ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ጻፉት። ጠብታም መለኪያ አይደለም፤ መጠኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ፋርማሲ የሚሸጥ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሻላል።

ሲደገምም ተመሳሳይ ስሕተት አለ። ሩቡን ውሃ ቀይራችሁ ሙሉውን መጠን ብትደግሙ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ካልፈረሰ ገንዳው ውስጥ 1.75 እጥፍ ይሆናል። መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ላይ ይህ ከባድ ነው፤ መዳብ እንደ ቀለም ደብዝዞ አይጠፋምና።

ከፍታው

መመሪያው ጨርሶ የማያነሳው ነገር አየር ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። በ25 ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ውሃ በሊትር እስከ 8.3 ሚሊ ግራም ሲይዝ የኛው ከ6.3 ብዙ አያልፍም።

አሁን ፎርማሊን ያለበት መድኃኒት ጨምሩበት። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ፎርማሊን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይበላል። ለረጅም ቆይታ የሚሰጠው የላይኛው መጠን 25 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ 5 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊሄድ ነው። አየር ካልተተካ ባሕር ዳርቻ 3.3 ይቀራል፤ እኛ ጋ 1.3። ያው ጠርሙስ፣ ያው ልክ፣ ሌላ ውጤት! ስለዚህ እዚህ የአየር ፓምፕ ሕክምናው እስኪያልቅ ሌት ተቀን መሥራት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ሳይኖራችሁ ባትጀምሩ እመክራለሁ። የኔዎቹም የሞቱት ፓምፑ በቆመበት ሌሊት ነበር።

"ስስ" ማለት ምን ማለት ነው?

"ቅርፊት የሌላቸው" የሚለው አገላለጽ ራሱ ልክ አይደለም። አምባዛን ታውቁታላችሁ፤ እሱ በእርግጥ ቅርፊት የለውም። ኮሪዶራስ ግን የአጥንት ጥሩር ለብሷል፤ ክላውን ሎች የሚባለውም ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት። ሁለቱም ግን በስስነት ይመደባሉ። መድኃኒት በዋናነት የሚገባውና የሚጎዳው በስንጥብ፣ ማለትም ዓሣው በሚተነፍስበት አካል በኩልም ስለሆነ፣ ቅርፊት እያዩ መፍረድ ያሳስታል። ቀንድ አውጣና ሽሪምፕማ ለመዳብ ግማሽም አይችሉም፤ ይሞታሉ።

የመዳብ መርዛማነት ውሃው ውስጥ ባለው ማዕድንም ይወሰናል። የአዲስ አበባ ውሃ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ አለ፤ ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ የሚወጣ አለ። የከርሰ ምድሩ ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ይሸከማል። ማዕድኑ ባነሰ ቁጥር ያው መዳብ ይበረታል።

"ግማሹን ስጡ" የሚለው ምክር ሌላም እንከን አለው፦ ዓሣውን እያስጨነቀ ተውሳኩን ሊተወው ይችላል። ለስስ ዓሦች እኔ የምመርጠው መጀመሪያ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ ማሳደግና በየቀኑ ውሃ መቀየር ነው፤ ብዙው የነጭ ነጠብጣብ ተውሳክ በዚህ ሙቀት መባዛት ያቅተዋል። ይህም ኦክስጅኑን ወደ 5.8 ስለሚያወርደው ፓምፑ አይቀርም። መድኃኒት ግድ ከሆነ በተለካ ውሃ፣ ከፋፍላችሁ፣ ዓሣው ላይ ላዩን አፉን እየከፈተ መሆኑን እያያችሁ ስጡ። ከታየ በቃ፣ ግማሹን ውሃ ክሎሪኑ በጠፋለት ውሃ ቀይሩ።

ከመጨረሻው ጠብታ በኋላ

መመሪያው ዓሣው ሲድን ያበቃል። ውሃው ግን ይቀጥላል። ቦይ ውስጥ የሚደፋ ውሃ ከትልቁና ከትንሹ አቃቂ ወንዞች ጋር አባ ሳሙኤል ይደርሳል። ከመድፋታችሁ በፊት ከሰሉን መልሱና አንድ ሁለት ቀን ይምጠጠው። ማላካይት ግሪን ስትነኩ ጓንት አድርጉ፤ ለሚበላ ዓሣም በፍጹም አትስጡት፤ አውሮፓና አሜሪካ ለምግብ ዓሣ አይፈቅዱትም።

ታዲያ መመሪያው ይጣል? አይጣል። ግን አምስተኛ መስመር ይጎድለዋል፦ "ከመጨመራችሁ በፊት ውሃችሁን ለኩ፣ ሙቀቱን አንብቡ፣ ፓምፑን አብሩ።" አምራቹ እስኪጽፈው ድረስ በማርከር ራሳችሁ ጻፉት። የኔ ጠርሙስ ላይ አሁን አለ፤ ከሱ ሥር ደግሞ "38 ሊትር" ይላል።