የሂት ፓምፕ ምዕራፍና የቡሬ ምጣድ

ስለ ቤት ኤሌክትሪክ መስመር የምናነባቸው የውጭ አገር መማሪያዎች፣ ከባድ ጭነትን ሲያስረዱ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚያመጡት ሂት ፓምፕን ነው። ይኸውም በብርድ አገር ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ቤት የሚያሞቅ መኪና ነው። እንዲህ ያለውን ምዕራፍ ከመንቀፋችን በፊት ማመስገን ይገባናል። ለመኪናው ከማከፋፈያው ሣጥን ለብቻው የወጣ መስመር፣ በልኩ የተመረጠ ሽቦና ብሬከር፣ ለጠጋኙም በቅርብ የሚታይ ማጥፊያ እንዲኖር ያዛል። ትእዛዙ ትክክል ነው።

ነገር ግን ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም የመጣ ተማሪ በቤቱ የሚያውቀው ሂት ፓምፕን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ምጣድን ነው። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ከብዙ የቤት ሂት ፓምፖች አያንስም። ሆኖም ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ እናያለን። ሽቦውም አንዳንድ ጊዜ ከጎረቤት ቆጣሪ አጥር ተሻግሮ የመጣ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 40 ሜትር ቢዘረጋ፣ መሄጃና መመለሻው 80 ሜትር፣ ተቃውሞው አንድ ኦም ገደማ ነው። በ220 ቮልት አንድ ምጣድ ሲበራ 15 አምፔር ያህል ያልፋል፤ 15 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ሽቦውም 220 ዋት ሙቀት ይተፋል። በዚያው ሽቦ ሁለት ጎረቤቶች አብረው ቢጋግሩ 28 አምፔር ይሆናል፤ የሽቦው ሙቀት ግን እጥፍ ብቻ ሳይሆን ወደ 770 ዋት ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የሚደርሰው 2.7 ኪሎዋት ያህል ብቻ ነው። በሂት ፓምፕ ቮልት ሲወርድ የሚጎዳው ሞተሩ ነው፤ በምጣድ ግን ጋጋሪዋ ናት። እንጀራው ዓይን አላወጣ ይላታል፤ ምጣዱን ታቆየዋለች፤ ጎረቤት እስኪተኛም ትጠብቃለች። ፊውዙ ሲቃጠል በምትኩ ወፍራም ሽቦ የሚያስር ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ነው።

እንግዲህ የምዕራፉ ጉድለት፣ ቤት ሁሉ የራሱ ቆጣሪ አለው ብሎ መነሣቱ ነው። የእኛ ችግር ከዚያ በፊት ይጀምራል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ፣ በአንድ ቆጣሪ የተጠጉ ሦስት ድሆች ቤተ ሰቦች እንደ አንድ ብዙ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ባለው እርከን ላይ ዋጋ አልተጨመረም ነበር፤ የዚያ ምሕረት ግን ለሦስቱ ለየብቻ አልደረሰም።

መብራት በደከመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በኃይል ማመንጫ ላይ ነው። ማመንጫ ማነሱ እውነት የነበረበት ዘመን አለ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን፣ ከምሶሶው እስከ ምጣዱ ያለውን ሽቦ ሳይለኩ ግድቡን መውቀስ ለእኛ ለተማሪዎች አያምርብንም። መምህራኖቻችንም በመስመር ስሌት ልምምድ ላይ ከሂት ፓምፑ ጎን አንድ ምጣድና አንድ የጋራ ቆጣሪ ቢጨምሩልን እንለምናለን፤ ሽቦውን ለክተን የምናመጣው እኛ ነን።